ስለ ተመታው ዝንጀሮዬና በበርዎ ላይ ስለ ተለጠፉት ሁለት ቃላት

ለተከበሩ ኦቦ ሆርዶፋ፣
የቡርቃ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቤት፣ የቅዳሜ ከሰዓት የካርድ ውድድር አዘጋጅ፣ ዋና ዳኛ፣ ምክትል ዳኛና ይግባኝ ሰሚ
አምቦ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎት። አካም ጅርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ፊሽካውን የሚነፉበት ሳንባዎ ደህና ነው ወይ? ያቺ ሰውን ከወንበሩ የምታስነሣው የቀኝ እጅዎ ጣት ብርድ አልነካትም? ወገብዎስ? ይህን ሁሉ ሹመት በአንድ ወገብ ተሸክሞ መዋል ቀላል እንዳልሆነ እኛ ከባድ መኪና በክሪክ የምናነሣ ሰዎች እናውቃለን፤ ክሪክ ብረት ሆኖ እንኳ አንዳንዴ ይንሸራተታል። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህና በላይ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁና።

እኔ ጀቤሳ ነኝ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለሁት ጎሚስታ። በአምቦ ብዙ ጀቤሳ ስላለ ሌላው መስሎዎት እንዳይቸገሩ፤ ከጉደር እስከ ሸነን ጎማ የፈነዳበት ሾፌር ሁሉ «ጀቤሳ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ስለ አንዱ ብቻ ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላረመልኝም፤ የማታው ክፍል አስተማሪያችን መምህርት ዶርቃስ «እስቲ ልየው» ብላ እጇን ብትዘረጋ እንኳ «ይቺ ከዳኛ ጋር ያለችኝ የግል ጉዳይ ናት» ብዬ ደረቴ ውስጥ ሸጉጫታለሁ። ስህተት ካገኙበት የኔ ነው፤ ውበት ካገኙበትም የኔ ነው፤ የሁለተኛው ብዛት እንዳያስቀናዎት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህ በርዎ ላይ የሚለጠፍ ግልጽ ደብዳቤ እንደመሆኑ ጉዳዩን የማያውቅ መንገደኛም ቆሞ ሊያነበው ስለሚችል፣ ለእሱ ስል ትንሽ ላብራራ፤ እርስዎ ይህቺን ቢዘሏት አልቀየምም። በኦቦ ሆርዶፋ መደብር፣ ከደብተርና ከእስክሪብቶ መደርደሪያው በስተጀርባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የካርድ ውድድር አለ። ኮንከር እንዳይመስልህ ወንድሜ። «ዱርና ማሳ» የሚባል ሌላ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ካርድ የአውሬ፣ የእህል ወይም የሰው ሥዕል አለበት፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ያ ካርድ ምን እንደሚሠራ የምትናገር አንዲት መስመር ጽሑፍ አለች። ሰው ካርዱን እየገዛ፣ ከወዳጁ ጋር እየተለዋወጠ የራሱን ክምር ያበጃል፤ ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ካርድ በካርድ ይዋጋል፤ ካርዱ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ ያለቀበት ተሸነፈ። የዩኒቨርሲቲ መምህሩም፣ የቀበሌ ጸሐፊውም፣ የባጃጅ ሾፌሩም አንድ አግዳሚ ላይ ተጣበው የሚቀመጡበት ቦታ በአምቦ ከዚያ ሌላ አላውቅም። ያሸነፈው ሰው ጉደር ሄዶ ከጉደር፣ ከሸነንና ከሐሮ ወንጪ አሸናፊዎች ጋር ይገጥማል።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ እኔ ንጉሥ ነበርኩ። ፊደል ሳልቆጥር በሥዕል ብቻ እጫወት ነበር፤ ሌላው ሰው ሲያነብ ሰምቼ የካርዱን ሁሉ ሥራ በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ። አንበሳው ምን እንደሚያደርግ፣ ጥንዚዛው ምን እንደሚያበላሽ፣ ጠባቂው መቼ ወንጭፍ እንደሚያነሣ ጠይቁኝ። ኦቦ ሆርዶፋ ግን ለጨዋታው ጥራት ከሚያስቡት ሐሳብ የተነሣ አዲስ ሕግ አወጡ፤ ተጫዋች ካርዱን ሲጥል ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ያላነበበ አይጥልም። ካርዶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። እርስዎም በደግነትዎ እስከ በር ሸኝተው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ጀቤሳ፣ ጎማ ፊደል አይጠይቅም» አሉኝ። ለዚህች ቃል እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግንዎታለሁ። በሳምንቱ የማታ ትምህርት ገባሁ።

ምን ያህል እንደተማርኩ መናገር ጉራ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ብቻ ጉራ ልንዛ። ክፍላችን በሁለቱም ጽሕፈት ያስተምራል፤ የሳምንቱን ግማሽ የአፋን ኦሮሞውን ቁቤ፣ ግማሹን የአማርኛውን ፊደል። እኔም ሁለቱንም እንደ ፊትና ኋላ ጎማ እያመሳከርኩ ያዝኳቸው። ዛሬ በአምቦ ያላነበብኩት ጽሑፍ የለም። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ፣ የሚከራይ ክፍል ማስታወቂያ፣ «ግድግዳው ሥር መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ግድግዳው ሥር ቆሜ፣ የአይሱዙ ኋላ ላይ የሚጻፈውን ምክር ሁሉ፣ መኪናው እየሄደ እንኳ ሳይቀር። ባለቤቴ «እባክህ የጨው ከረጢቱን ጮክ ብለህ አታንብብ፣ እንግዳ አለ» እስክትለኝ ደርሻለሁ። በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ ያለፈው ቅዳሜ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ካርዶቼን በአዲስ ላስቲክ አስሬ፣ ወደ ጠረጴዛዎ የተመለስኩት።

ተመልሼም የሆነውን ከበርዎ ላይ መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል። በትልቅ ማርከር እንዲህ ተጽፏል፦ «ጀቤሳ በንባብ ጉድለት እና ጨዋታ ጥሎ በመውጣት ከውድድሩ ተሰናብቷል።»

ዝንጀሮ እሾህ በሰውነቷ ሞልቶ ከየት እንንቀልልሽ ቢሏት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። እኔም እሾሄ ብዙ ቢሆንም የመቀመጫዬን አስቀድማለሁ፤ ከዚያ ማስታወቂያ ላይ «በንባብ ጉድለት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ይንቀሉልኝ። ጉደር ሄድኩ አልሄድኩ ሁለተኛ ነገር ነው። ዋንጫው የፕላስቲክ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። ሁለቱ ቃላት ግን ይነሡ። ምክንያቴን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥሩንም በግዕዝ የጻፍኩት እርስዎን ለማክበር እንጂ ማወቄን ለማሳየት አይደለም።

፩ኛ. ስለ ዝንጀሮው።

ለፍጻሜ የገጠምኩት ከናኦሚ ጋር ነበር፤ ከሐዋሳ መጥታ በጤና ጣቢያው ላብራቶሪ የምትሠራው ልጅ ናት። ጨዋታዋ እንደ መርፌዋ ነው፤ ፈገግ እያለች ትወጋለች። መጨረሻ ላይ እሷ የቀራትን አንድ ካርድ፣ በቆሎዋን፣ ማሳዋ ላይ ዘርግታ፣ እኔ አንድ ካርድ ቀርቶኝ ነበር፤ ያም ዝንጀሮው ነው። አነሣሁት። ካርዱ ላይ የተጻፈው «በቆሎ በማሳው ላይ ካለ ዝንጀሮው ይመታል» ነው። እኔም በማታ ክፍል ድምፄ፣ ከጎዳናው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እስኪያቆም ድረስ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «መ»ን አላልቼ ነው ያነበብኩት፤ ዝንጀሮው መቺ ነው፣ በቆሎውን ይመታዋል፣ አሸነፍኩ ማለት ነው። ተነሥቼ እጄን ልዘረጋ ስል ናኦሚ «ኧረ ጋሽ ጀቤሳ! ይመታል ነው እኮ የሚለው!» አለች፤ እሷ ደግሞ «መ»ን እንደ ነዳጅ መስጫ ረግጣ። በእሷ አነባበብ ዝንጀሮው ተመቺ ነው፤ በቆሎ ሊሰርቅ ገብቶ የጠባቂውን ዱላ ይቀምሳል፣ ከጠረጴዛው ይነሣል፣ እኔም አብሬው እነሣለሁ።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ አንዱ የጉደር ገበሬ ልጅ «በቆሎ ውስጥ ዝንጀሮ ሲመታ እንጂ ሲመታ አይቼ አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «የኛ መንደር ዝንጀሮ ግን ይመታል እንጂ አይመታም!» ብሎ መለሰለት። ሲናገሩት አራቱም ለየቅል ነበሩ፤ እዚህ ስጽፋቸው ግን እንዴት መንታ እንደሆኑ ይመልከቱልኝ፤ የክርክሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

ኦቦ ሆርዶፋ፣ በአምቦ ከተማ የላላና የጠበቀ ነገር ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ። የስንቱን አይሱዙ ብሎን አጥብቄ ወደ ነቀምት የሸኘሁ ሰው ነኝ። የላላ ብሎን በእጅ ይታወቃል፤ በጆሮም ይታወቃል፤ ይህ ሁሉ ካልሆነ ጎማው ወልቆ መኪናውን ቀድሞ ሲሄድ ይታወቃል። ፊደላችን ግን ቢላላም ቢጠብቅም መልኩ አንድ ነው፤ ማጥበቁና ማላላቱ ለአንባቢው አፍ የተተወ ነው። ካርዱ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ መቺው «ሩኩታ»፣ ተመቺው «ሩኩተማ» ተብሎ፣ ዝንጀሮውም ዕጣውን አውቆ ያርፍ ነበር። በአማርኛ ስለታተመ ግን ካርዱ ሁለቱንም ይሸከማል። እኔ አንዱን አነበብኩ፤ ናኦሚ ሌላውን አነበበች። ሁለታችንም አነበብን። ይህን ሲሰሙ «አንዱ ተሳስቷል» ቢሉ ምንም አልልም፤ ዳኛ ነዎት። «አንዱ ማንበብ አይችልም» ማለት ግን ሁለት ሾፌር በመስቀለኛ መንገድ ላይ ተለያይተው ሲሄዱ አንዱን መንጃ ፈቃድ የለውም እንደማለት ነው።

ስለዚህም ዝንጀሮዬን ስላስመቱብኝ ሳይሆን፣ እሱን በመቱበት ዱላ እኔን ስለደገሙኝ ነው ምስጋናዬን የማቀርበው።

፪ኛ. ጨዋታ ጥሎ ስለ መውጣት።

ይህቺን የሚያነብ ሁሉ ቀስ ብሎ ያንብብ፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኳት።

ጫጫታው ሲበዛ እርስዎ በጥበብዎ ድምፅዎን ለማትረፍ ብለው ጠመኔ አነሡና ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ውሳኔዎን ጻፉ። እንዲህ ይላል፦ «ውሳኔ፦ ይጠብቃል።» ከዚያም ጀርባዎን ሰጥተው ለአንድ ተማሪ ደብተር ሊሸጡ ሄዱ።

እኔ ማንበብ የሚችል ሰው ነኝና አነበብኩት። ይጠብቃል። ማን? ጀቤሳ ነዋ! ዳኛው ነገሩን ሊያጤኑት ፈልገዋል፣ መጽሐፍ ሊያገላብጡ ነው፣ ምናልባትም ካርዱን ያሳተሙትን ሰዎች በስልክ ሊጠይቁ ነው፤ እስከዚያ ጀቤሳ ይጠብቃል። ፍርድ ማለት እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። ለፍርድ ቤት እንደሚገባው ካርዴን በክብር ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ ከበርዎ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ጠበቅኩም። መጠበቅ እችላለሁ፤ የጎሚስታ ግማሽ ሥራው ማጣበቂያው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ቆሎ ገዝቼ በላሁ። አንድ ባጃጅ ጎማዋ ተንፍሶ መጣች፤ እየጠበቅኩም ነፋሁላት። የሚያልፈው ሁሉ «ጀቤሳ፣ ምነው ውጭ?» ሲለኝ «ጉዳዬ በዳኛ እጅ ነው» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ እመልሳለሁ።

ለካስ እርስዎ የጻፉት ስለ እኔ አልነበረም። «መ» ይጠብቃል፣ ጠብቆ ይነበባል፣ ዝንጀሮውም ይመታል ማለትዎ ኖሯል። ውስጥ ደግሞ የእኔን ባዶ ወንበር አይተው «ተናዶ ወጣ፤ ሽንፈት አይችልም» ብለው ሰዓት ያዙብኝ፣ ፊሽካ ነፉብኝ፣ ዋንጫውን ለናኦሚ ሰጡ።

የነገረችኝም እሷው ናት። ዋንጫውን ታቅፋ ስትወጣ አግዳሚው ላይ አገኘችኝ። «ጋሽ ጀቤሳ፣ ምነው ጥለውን ወጡ? በጣም ነው ያዘንኩት» አለች። «ኧረ አልወጣሁም፤ እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። «ምኑን?» አለች። «ዳኛው ይጠብቃል ብለው ጽፈው የለ እንዴ!» አልኳት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ዋንጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቋ ተላላፊ ነውና እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ቀና ብዬ በርዎን ሳይ ማስታወቂያውን እየለጠፉ ነበር።

አሁን በትሕትና የምጠይቅዎ አንዲት ጥያቄ ናት። እኔ ማንበብ የማልችል ሰው ብሆን ኖሮ፣ ያ ሰሌዳ ላይ የጻፉት ለእኔ የዶሮ ጭረት ነበር፤ ከወንበሬም አልነሣም፤ ተቀምጬ እከራከር ነበር። ከወንበሬ ያስነሣኝ ማንበቤ ነው። አንብቤ ታዘዝኩ፤ ስለታዘዝኩም «ማንበብ አይችልም» ተባልኩ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከጊንጪ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም፤ ከጊንጪ ወዲያም ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

«ጥሎ በመውጣት» የሚለውን አልክድም፤ ወጥቻለሁ። እሱን ይተዉት። ከቻሉ ግን ከጎኑ «በዳኛው ትእዛዝ» የሚል ይጨምሩበት።

፫ኛ. ከበርዎ ውጭ ያለው አግዳሚ አንድ እግሩ አጭር ነው። ያን ሁሉ ስጠብቅ ወደ ግራ ተንጋድጄ ነበር።

፬ኛ. ስለ አዴ ሲንቄ።

አዴ ሲንቄን ያውቋቸዋል፤ ገበያው መግቢያ ላይ ጎመንና ካሮት የሚሸጡት ናቸው። የማታው ክፍል ውስጥ የፊተኛው ወንበር የሳቸው ነው። ፊደል የጀመሩት ሸነን የሚሠራው ልጃቸው በስልክ የሚልክላቸውን መልእክት በሰው አፍ መስማት ስለሰለቻቸው ነው። «ልጄ ለኔ የጻፈውን ከኔ በፊት የባጃጅ ሾፌር ያውቀዋል!» ይላሉ። ቀስ ይላሉ እንጂ አይለቁም፤ አንዱን ፊደል ካልጨበጡት ወደ ሌላው አይሄዱም፤ እኔ እየተንደረደርኩ ስስት «ያ ጀቤሳ፣ ፍሬን ያዝ!» ብለው የሚገሥጹኝ እሳቸው ናቸው።

ማስታወቂያዎ ከተለጠፈ ወዲህ አዴ ሲንቄ ክፍል አልመጡም። ገበያ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሚዛናቸውን እየጠረጉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ጀቤሳ ኮ፣ በንባብ ጉድለት በር ላይ ጽፈው ሰቀሉህ አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። በቀልድ ላሳልፈው ብዬ «ስሜ በማርከር ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነው» አልኳቸው። አልሳቁም። «አፍህ እንደ ድምፅ ማጉያ የሆነውን አንተን እንዲህ ካደረጉህ እኔንማ ከነጎመኔ ይሰቅሉኛል። ልጄም ይሰማል። ይቅርብኝ፤ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ሰምቼ ኖሬ የለ» አሉኝ። ከዚያም ጎመን በነጻ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ለሐዘንተኛ እንደሚሰጥ።

ኦቦ ሆርዶፋ፣ ቀልዴን እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። እኔን ቢሰቅሉኝ አልጎዳም፤ ቆዳዬ የጎማ ነው። ሲሰድቡኝም ስሜን ስለሚያነሡ ደስ ይለኛል። እሳቸው ግን ማስታወቂያዎን እንኳ አላዩትም፤ የሰሙት በሰው አፍ ነው። አንድ ሰው ፊደል ሊጨብጥ እጁን ዘርግቶ፣ በርዎ ላይ ባለ ወረቀት ወሬ እጁን መለሰ። ሁለቱ ቃላት ይነሡ የምለው ለዚህ ነው። ቀልዴን ቀጠልኩ።

፭ኛ. ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ግን ቁጥሩን ከያዝኩ ወዲህ መተው አቃተኝ። ናኦሚ «ያለ ጨዋታ ያገኘሁትን ዋንጫ ይዤ ጉደር አልሄድም» ብላለች። «እርስዎን ጠረጴዛ ላይ ካልቀበርኩ ጉደር ሄጄ ምን አፍ አለኝ?» ነው ያለችኝ። ይህቺን የመሰለች ጠላት ይስጥዎ። እንግዲህ ለመጪው ቅዳሜ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ እሷ በቆሎዋን፣ እኔ ዝንጀሮዬን ይዘን እንመጣለን፤ ዳኛ ብቻ ነው የጎደለን። እርስዎ ከተመቸዎት ይምጡ።

እንዳያስቸግርዎት መፍትሔውንም ይዤ ቀርቤአለሁ። መምህርት ዶርቃስ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ታደርግልናለች፤ ነጥብ ያለበትን እንረግጠዋለን፣ የሌለበትን እናልፈዋለን። በመደብርዎ እስክሪብቶ እንደ ገብስ የተከመረ ስለሆነ፣ ከካርዶቹ ላይ አጠራጣሪ የሆኑትን ለይተው ነጥብ ያድርጉባቸው። የዝንጀሮው ላይም እንደ ፈቃድዎ ያድርጉ፤ መቺም ያድርጉት ተመቺ፣ ከጨዋታ በፊት ከታወቀ እኔ ለሁለቱም የተዘጋጀሁ ነኝ። ዝንጀሮ የሚመታበት ጨዋታም ከሆነ በሚቀጥለው ጠባቂውን ይዤ እመጣለሁ። ሰሌዳው ላይ ውሳኔ ሲጽፉ ግን ማን እንደሚጠብቅና ምን እንደሚጠብቅ አያይዘው ይጻፉልን፤ ከተማችን ውስጥ አንባቢ በዝቷል፤ እንደ ድሮው ጽፎ ዞር ማለት አይቻልም።

በመጨረሻም ላመሰግንዎ። «ጎማ ፊደል አይጠይቅም» ብለው ፊደል ስላስቆጠሩኝ፤ ጮክ ብሎ ማንበብን ሕግ አድርገው ድምፅ ስላወጡልኝ፤ ስሜን ያለ ስህተት በትልቁ ጽፈው ስለለጠፉልኝ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጣዬን በእጄ ሳይሆን በእስክሪብቶ እንድገልጽ ምክንያት ስለሆኑኝ ገለቶማ። ድሮ ብሆን ኖሮ በመደብርዎ በር ላይ ቆሜ እጮህ ነበር፤ ጩኸት ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። ይህ ግን ማጣበቂያ አለው፤ ማጣበቂያውም የጎማ ነው፤ በጣትዎ ለመላጥ ባይደክሙ እመክራለሁ።

ዕድሜና ጤና ሰጥቶ፣ ጣትዎን ከብርድ፣ ሳንባዎን ከአቧራ፣ ጠመኔዎን ከችኮላ ጠብቆ ለቅዳሜ ያድርሰን። ይህን ስመኝልዎ በዳኝነትዎ ጥላ ሥር ለብዙ ጊዜ የጠበቅኩ፣ አሁንም የምጠብቅ፣ (ይህቺኛዋ ትርጉሟ አንድ ብቻ ናት)

አክባሪዎ
ጀቤሳ
ጎሚስታ፣ የሁለት ፊደል አንባቢ፣ የቀድሞው የካርድ ንጉሥ፣ የወደፊቱም
አምቦ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ

ተጨማሪ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ስለሆነ ይህቺን ጨመርኩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ መምህርት ዶርቃስ «ንባብ የሚለመደው መንገድ ላይ ነው» ብላ ክፍሉን በሙሉ ይዛ ወጣች፤ በገበያው በኩል አዙራን አዴ ሲንቄንም ከነሽርጣቸው ጎትታ በርዎ ላይ አቆመችን። እርስዎ ምሳ ላይ ነበሩ። አዴ ሲንቄ መጀመሪያ «እኔ አላይም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ሰረቅ አደረጉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ከስሜ ጀምረው፣ አንዱን ፊደል እየጨበጡ ወደ ሌላው እየሄዱ፣ «ተሰናብቷል» እስከሚለው ድረስ ያለ ማንም እርዳታ አነበቡት፤ «ጉድለት»ንም ሳያጎድሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «ይኼው ነው እንዴ? እንዲያ ያስፈራኝ ይቺው ናት?» አሉና፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት፤ አሁን በጩኸት።

ስለዚህ ሁለቱን ቃላት ይንቀሉልኝ ያልኩትን ልመና ለጊዜው አንሥቻለሁ። ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎቻችን ገና ተራ አልደረሳቸውምና እስከ ቅዳሜ እንዳይነኩት አደራ። ከዚያ በኋላ ግን በቦታው ሌላ ይለጥፉልን፤ ስለ እኔም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ ረዘም ያለ ይሁን፤ አዴ ሲንቄ «አጭር ነው» ብለዋል።